ከብቸና እስከ ሞጣ፣ የታመነ እጅ ፍለጋ

ስሙ እንግዲህ። ቀረብ በሉና ስሙ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንዲት ሞተር ሳይክልና ስለ ባለቤቷ ነው። ከብቸና ተነሥተን ሞጣ እንገባለን፣ ከሞጣም ተመልሰን ብቸና እናድራለን።

ወሩ ጥር ነው። የብቸና ወረዳ እነማይ ጤፉን አጭዶ፣ ከምሮ፣ አውድማ የሚያወርድበት ወር። የብቸናን መሬት የረገጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ በክረምት እግር ይዞ አልለቅም የሚል ጥቁር ዋልካ ነው፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቅና ብናኙ ይነሣል። ከደጀን በብቸና አድርጎ ሞጣ፣ ከሞጣም ባሕር ዳር የሚያደርሰው መንገድ ለብዙ ዓመታት ጠጠር ስለነበር አቧራ መዋጥ ለዚህ አገር መንገደኛ አዲስ ነገር አይደለም። በጥር ግን የአውድማው ይጨመርበታል። በሬው ሲያበራይ፣ መንሹ ወደ ላይ ሲበትን፣ ደቃቁ እብቅ በነፋስ ተነሥቶ መንገዱን ያለብሰዋል። ዓይን ይገባል፣ ጉሮሮ ይገባል። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ባለ ሞተሩ የግብርና ባለሙያ ነው። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ስሜን ግን አትጥራ ብሎኛል፣ አልጠራውም። ሥራው በየቀበሌው መዞር ነው። ጠዋት የአንዱን ገበሬ ማሳ፣ ከሰዓት በኋላ የሌላውን ክምር ያያል፤ በእግር ቢሆን ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። የሚነዳት ቦክሰር ናት፤ የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ የሚሠራት፣ የኡጋንዳንም የናይጄሪያንም መንገድ የሞላችው። ብዙ ቤንዚን አትጠጣም፣ ጭነት አትፈራም፣ መለዋወጫዋም በየሱቁ ይገኛል። እንዲህ ያለች ሞተር ገጠር ውስጥ የአንድ ሰው ንብረት ብቻ ሆና አትቀርም። ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ የደረሰችባት ሌሊት አለ። የክትባት ሣጥን የተጫነባት ቀን አለ። የታመመ በሬ ሲኖር የእንስሳት ሐኪሙን ፈልጋ የምታመጣውም እሷው ናት። ሞተሯ ስትቆም የሚቆመው ነገር ብዙ ነው፤ ለዚህ ነው ነገሩን ከልቤ የምነግራችሁ።

እንግዲህ ይቺ ሞተር ታመመች። ዳገት ስትይዝ ትዝላለች፤ በአራተኛ ማርሽ ትወጣው የነበረውን በሁለተኛ እያቃሰተች ትወጣለች። ሳምንት የሚያደርሳት ቤንዚን በሦስት ቀን ያልቃል። ከማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ባለሙያው እንደ ማንኛችንም ወደ ቅርቡ ጋራዥ ገፋት።

የጋራዡ ልጅ ወጣት ነው። መፍቻ አላነሣም፣ አንዲት ብሎን አልነካም። ሞተሯን አስነሣና ሁለት ጊዜ ቤንዚን ሰጣት። ጭሱን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ።

"ፋሻ በልታለች" አለ፤ የፒስተኑ ቀለበት አልቋል ማለቱ ነው። "ሞተሩ ይከፈት። ሲሊንደሩም ባሕር ዳር ይላክና ቶርኖ ቤት ይግባ።"

"ምን አይተህ ነው ወንድሜ?"

"ጭሱ አይታይህም እንዴ?"

ዋጋው ተነገረው፤ የወር ደሞዙን የሚጨርስ ነው። ባለሙያው አሰበና ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። "ስትከፍታት አጠገብህ ልቁም?" ልጁ ሥራ እንዳለበት ነገረው፤ አስቀምጣትና ሂድ፣ ሲያልቅ እደውልልሃለሁ አለው። "አሮጌውን ዕቃስ ትመልስልኛለህ?" ሲለው "አሮጌ ዕቃ ምን ይሠራልሃል?" ብሎ መለሰለት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የዚህ አገር ሰው ሳይታይ ሳይለካ በግምት የሚጣልበትን ዕዳ መቀበል ድሮም አይሆንለትም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅና ገማቾች ይመጣሉ ሲባል፣ በጎጃም እምቢ ብለው ከተነሡት አውራጃዎች መካከል ብቸናና ሞጣ ነበሩ። ጦር ዘመተባቸው፣ አውሮፕላንም መጣባቸው፤ የኋላ ኋላ ግን ውዝፉ ግብር ተማረላቸው። የዚያ ትውልድ የልጅ ልጆች ናቸው ዛሬ ሞተር የሚነዱት። በዓይን ግምት "የወር ደሞዝህን አምጣ" ሲባል ባለሙያው ሞተሩን ይዞ መውጣቱ አያስገርመኝም።

ሁለተኛው ጋራዥ ትሑት ነበር። ሞተር አይከፈትም አለ፤ ካንዴላ ብቻ ይቀየር አለ። ካንዴላው ከነእሽጉ መጣ፣ ኦርጅናል ነው ተባለ፣ ተቀየረ። ሞተሯም ተነሥታ እንደ ጥይት ሄደች! ባለሙያው ደስ ብሎት ከፍሎ ሄደ። ጥቂት ቀን ቆየና ያው ጭስ፣ ያው ዝለት ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ይሄኛው አላታለለውም። ካንዴላው በእርግጥ ጠቁሮ ነበር፣ አዲሱም በእርግጥ ለጊዜው ረድቷታል። ካንዴላው ለምን ጠቆረ ብሎ ግን ማንም አልጠየቀም። የጠቆረን ነገር ቀይሮ ያጠቆረውን መተው፣ በየጋራዡ የማየው ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ከማጭበርበር ይልቅ ብዙ ገንዘብ የሚበላውም እሱ ይመስለኛል።

ስለ እሽጉም አንድ ነገር ልበል። የእኛ አገር መለዋወጫ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ብዙው በአዲስ አበባ መርካቶ አልፎ፣ በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ በኩል ነው ብቸና ሱቅ የሚደርሰው። በየእጁ ትርፍ ይጨመርበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ ሄደ። ኦርጅናሉ ሲወደድ ፎርጅዱ ገበያ ያገኛል። ፎርጅድ ፋሻ ከላይ ሲያዩት ያብለጨልጫል፤ ብረቱ ግን ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ተበልቶ ያልቃል። ባለ ጋራዡ ራሱ የሚታለልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሁሉን በሠሪው ላይ ማላከክ ፍርድ አይደለም።

ባለሙያው አሁን ሰው መጠየቅ ጀመረ። "ብቸና ውስጥ የሚታመን ሞተር ሠሪ ማን ነው?" ይላል። መልሱን ታውቁታላችሁ፤ አንዱ የአክስቱን ልጅ ይጠራል፣ ሌላው አብሮት የተማረውን ይጠራል፣ ሦስተኛው ሁሉም ሌባ ነው ብሎ ይገላገላል። እኔ ብሆን ኖሮ "ማን ይታመናል?" ብዬ አልጠይቅም። "ያንተ ሞተር ምን ሆና ነበር? ምን አላት? ምን ቀየረ? ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተመለስክ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው ወዳጁን ሲያመሰግን ያጋንናል፤ የሆነውን ሲናገር ግን እውነቱ ይወጣል።

እንዲህ እያለ ሳለ አጎቱ ከሞጣ ደወለ። አጎትየው የእህል ነጋዴ ነው። "አንተ ልጅ፣ በሞተር ነገር ተቸግረሃል አሉ። እዚህ አንድ ሰው አለ። ጭነህ አምጣት" አለው።

ጭነህ አምጣት ማለት ቀላል ነው። አይሱዙ ተለመነ፤ ሞተሯ ከጆንያ መሐል ቆማ በገመድ ታሰረች። ደብረ ወርቅን አለፉ፣ ግንደ ወይንን አለፉ። የጮቄ ተራራ በግራ በኩል አብሯቸው ሄደ። አመሻሽ ላይ ሞጣ ገቡ።

የሞጣው ሰው በዕድሜ ገፋ ያለ ነው። ስሙን እሱንም አልጠራም፤ ብትሄዱ ሰው ያሳያችኋል። ጋራዡ ከፍ ያለ ነገር የለውም፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ የሲሚንቶ ወለል፣ አንድ ረዳት ልጅ። ባለሙያው ግን ገና ከበሩ ሦስት ነገር አይቷል። ወለሉ ተጠርጓል። መፍቻዎቹ በቁጥራቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ተፈታታ የቆመችው የሌላ ሰው ሞተር ብሎኖቿ በባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ተለይተው ተቀምጠዋል፤ የጎኑ ለብቻ፣ የቴስታታው ለብቻ። የብሎኖቹን ራስ ተመልከቱ ይላችኋል ይህ ወዳጄ አሁን ሰው ሲመክር። በልኩ መፍቻ የተፈታ ብሎን ማዕዘኑ አይጠፋም። በፒንሳ የተያዘ፣ በመዶሻ የተመታ ብሎን ግን ራሱ ይከበባል፤ ከተከበበ በኋላ ማንም በወጉ አይፈታውም። የሠሪውን ጠባይ ከብሎን ራስ ላይ ማንበብ ይቻላል።

ሰውየው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቀረበ። ሞተሯን አልነካም፤ መጀመሪያ ጠየቀ።

"መቼ ጀመራት?"

"ጥር እንደገባ ነው ጋሼ።"

"ስትነሣ ነው የምታስቸግርህ ወይስ ከሞቀች በኋላ?"

"ጠዋት ደህና ትነሣለች። ከሞቀች በኋላ ነው የምትዝለው።"

"ቤንዚኑን ከየት ነው የምትቀዳው?"

ባለሙያው ጥቂት ዝም አለ። ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን እንደሚገዛ ተናገረ። ሰውየው አልተቆጣውም። "የሃይላንዱ አንዳንዴ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበታል፣ አንዳንዴም ውኃ። ስትገዛ ብርሃን ላይ አንሥተህ እይ፣ አሽትትም" ብሎ ብቻ አለፈ። ከዚያ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠየቀ፣ ከዚያም ከተቀየረ ወዲህ ጎድሎ ተጨምሮ እንደሆነ ጠየቀ።

"አልተጨመረም።"

"እንግዲያው ፋሻ በልታለች ያለህ ሰው ዘይቱን ማን ጠጣው አለህ?"

አያችሁ? ገና መፍቻ ሳይነሣ ነገሩ ግማሽ መንገድ ሄደ። ፋሻው ያለቀ ሞተር ዘይቱን ወደ ላይ አሳልፎ ያቃጥላል፤ ዘይት ሲቃጠል ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ዘይቱም ከልኩ ይጎድላል። ጥቁር ጭስ ግን የቤንዚን ነው፤ ቤንዚን በዝቶ አየር ሲያንስ የሚመጣ ነው። ድሮ በየግብርና ቢሮው የነበሩትን ያማሃ ዲቲና ኤጂ 100 የነዳችሁ ደግሞ ታስታውሳላችሁ፤ እነሱ ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብረው እንዲያቃጥሉ ሆነው የተሠሩ ናቸውና ሰማያዊ ጭስ ጤናቸው ነበር። ቦክሰር ግን እንደዚያ አይደለችም። ጭስ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ቀለሙን የማይለይ ሠሪ እጅ ላይ ሞተራችሁን አትተዉ።

ሰውየው አሁን ካንዴላውን ፈታ። ከመፍታቱ በፊት ዙሪያውን በብሩሽ ጠረገ፤ ቆሻሻው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ነው። ከደብተር ላይ ነጭ ወረቀት ቀደደና የካንዴላውን ጫፍ አሸበት። ወረቀቱ ላይ ደረቅ ጥላሸት ቀረ። ወረቀቱን ለባለሙያው ሰጠው።

"ዳስሰው። ይረጥባል?"

"ኧረ ደረቅ ነው።"

"ዘይት ቢሆን ይረጥብ ነበር፣ ወረቀቱም ውስጥ ይሰርግ ነበር። ደረቅ ጥላሸት የቤንዚን ነው። ፋሻህ ደህና ነው። አሁን አየሩ የት ቀረ ብለን እንፈልጋለን።"

የጎን ሽፋኑን ከፈተ። የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ አወጣ። ያን ጊዜ ነው ወዳጄ ሳቅም ልቅሶም የመጣበት። ስፖንጁ ስፖንጅ አይመስልም፤ የዋልካው ብናኝና የጤፉ እብቅ ከዘይት ጋር ተለውሰው ጭቃ ሆነዋል። ሰውየው በጣቱ ሲጫነው እብቁ እየተላጠ ወለሉ ላይ ወደቀ። የእነማይ አውድማ ሞጣ ድረስ በሞተሯ ሳንባ ተጭኖ መጥቷል። የቾኩም ሽቦ አቧራ ይዞት ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ጠዋት ለማስነሣት የተሳበው ቾክ ቀኑን ሙሉ ሳይመለስ ይውላል ማለት ነው። አየር የለ፣ ቤንዚን በላይ በላይ። ሞተሯ ምን ታድርግ?

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ሰውየው በደንብ ነው ያስረዳው። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቶ፣ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ካርቡሬተር ያላት ሞተር ፋብሪካ እንደሰጣት ብትተው ደጋ ላይ ትንሽ ቤንዚን ይበዛባታል። ጤነኛ ስትሆን ይህን ትችለዋለች፤ ማጣሪያዋ ሲደፈን ግን በሁለት በኩል ትታነቃለች። ቆላ የሚሠራ ሰው የማያስበውን የደጋ ሠሪ ማሰብ አለበት።

ስፖንጁ በነጭ ጋዝ ታጠበ። ሰውየው እንዳይቀደድ እያለ እንደ ልብስ አልጠመዘዘውም፤ በሁለት መዳፉ መሐል ተጭኖ አወጣው። ደረቀ፣ በጥቂት ንጹሕ ዘይት ረጠበ፣ ትርፉ እንደገና ተጨመቀ፣ ቦታው ገባ። የቾኩ ሽቦ ታጥቦ ዘይት ጠጣ። ያው ካንዴላ በብሩሽ ተጠርጎ ተመለሰ፤ አዲስ አልተሸጠለትም። ሞተሯ ተነሣች። ጭስ የለም። ባለሙያው ከሞጣ ወጣ ብሎ ዳገት ሞከራት፤ በአራተኛ ወጣችው።

አሁን ስሙኝ፤ የነገሩ ፍሬ እዚህ ነው።

ባለሙያው "ስንት ልክፈል ጋሼ?" አለ። ሰውየው የእጁን ጠራ። ብዙ አይደለም፤ መጀመሪያ ብቸና ላይ ከተጠራው ጋር የሚወዳደር አይደለም። አጎትየው ግን ነጋዴ ነውና ጣልቃ ገባ። "ኧረ ጋሼ! ምን ቀየሩና ነው? አንዲት ስፖንጅ ነው ያጠቡት። ይቀንሱለት እንጂ" አለ።

ሰውየው መፍቻውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ዘወር አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ፋሻ ቀይሬ ቢሆን ኖሮ ሳትከራከሩኝ ትከፍሉኝ ነበር። ለልጁ የወር ደሞዙን አተረፍኩለት፤ የምትከራከሩኝ ስላተረፍኩለት ነው?"

አጎትየው ዝም አለ። ባለሙያው ከፈለ፤ ጨምሮም ከፈለ።

እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ ብዙ ነገር ነው የታየኝ። እኛ ባለ ሞተሮች የሚታመን ጋራዥ ጠፋ እያልን እንጮኻለን፤ የሚታመነውን ግን በገዛ ኪሳችን ነው የምናጠፋው። ዕቃ ሲቀየር የዕቃውን ዋጋ ዓይናችንን ሳናሽ እንከፍላለን፤ የእጅ ዋጋ ሲጠራ እንከራከራለን። ሠሪው ሰው ነው፤ ልጆች አሉት፣ የቤት ኪራይ አለበት። አንድ ሰዓት ጠይቆ፣ መርምሮ፣ "ምንም አልሆነችም፣ ማጣሪያ ነው" ያለው ሠሪ በሻይ ዋጋ ተሸኝቶ፣ ያልተበላሸ ፋሻ የቀየረው ጎረቤቱ ከዕቃው ላይ ትርፍ ሲበላ ቢያይ ነገ ምን ያደርጋል? ጥቂቶች እንደ ሞጣው ሰው ይጸናሉ። ብዙዎች ግን ዕቃ መሸጥ ይጀምራሉ። የሚያስተምራቸው ሰይጣን አይደለም፤ እኛው ነን።

መሥሪያ ቤቶቹም ከዚህ አይድኑም። የወረዳ ሞተር ሲበላሽ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ያነሰ ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል። ዋጋ አሳንሶ የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ፎርጅድ ዕቃ የሚያስገባው ነው። በየወረዳው ግቢ ጥግ ሣር በቅሎባቸው የቆሙትን ሞተሮች ሂዱና እዩ። ዘመናቸው አልቆ የቆሙ አይምሰላችሁ፤ ብዙዎቹ በርካሽ ተጠግነው የሞቱ ናቸው። እነዚያ ሞተሮች ላይ ሊጫን የነበረው ክትባት፣ ሊደረስበት የነበረው ገበሬ፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ያለፉት ዓመታትም ሠሪዎቹን ፈትነዋቸዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ በክልሉ ብዙ ከተሞች ባጃጅና ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀሱ የተከለከሉባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሞተር ካልሄደ ሠሪ አይበላም። ለወራት የቆመች ሞተር ደግሞ ካርቡሬተሯ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እየተነነ ሙጫ ይሆናል፣ ቀዳዳዎቹንም ይደፍናል፤ ባትሪዋም ይሞታል። እንዲህ ያለችዋን ሞተር የሚታመነው ሠሪ ካርቡሬተሯን አጥቦ ያስነሣታል፤ የማይታመነው "ሞተሩ ነክሷል፣ ይከፈት" ይላል። ባለቤቱ ልዩነቱን ማወቂያ የለውም፤ እምነት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሞጣ ላይ ደግሞ ሰው ሰውን ማመን እስከ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ቦታ አለ። ከሞጣ ወደ አባይ ስትወርዱ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ በጣሊያን ጊዜ መሐሉ ተሰበረና ሰባራ ድልድይ ተባለ። ለብዙ ዓመታት ሰው ወደ ጎንደር በኩል የሚሻገረው በገመድ ነበር፤ ወገቡን ታስሮ፣ ከታች አባይ እያጓራ፣ ከወዲያ ማዶ ያሉ ሰዎች ይስቡት ነበር። በ1990ዎቹ ተጠግኖ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ፈረሰ፤ በኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። ፍሬናችሁን የሚያስር ሠሪም ገመድ ያዣችሁ ነው። ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ከኋላችሁ ሚስታችሁ ወይ ልጃችሁ ተቀምጠው፣ የፍሬኑ ብሎን መጥበቁን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ሊሄድ ሲል የሞጣውን ሰው እንዲህ አለው፦ "ጋሼ፣ በየጊዜው ከብቸና እዚህ ድረስ አልመጣም። ምን ይሻለኛል?"

ሰውየው ሳቀ። "ብቸና ሰው የለም ያለህ ማን ነው? አለ፤ ገና አላገኘኸውም። ሞተርህ ስትታመም አትፈልገው፤ ደህና ሳለች ፈልገው። ዘይት ቀይርልኝ ብለህ ሂድ። አሮጌውን ዘይት ሲያወርድ ሞተሩን ሞቅ አድርጎ ነው ወይስ በብርዱ? ያወረደውን በጣቱ አሽቶ ብናኝ አለው ወይ ብሎ ያያል ወይስ ይደፋዋል? የመዝጊያውን ብሎን መጀመሪያ በእጁ አስገብቶ ነው የሚያጠብቀው ወይስ ገና ከመጀመሪያው በመፍቻ? ሰንሰለቱን ሳትነግረው ነካ አድርጎ ልቅ ነው ጥብቅ ነው ይልሃል? ዕቃ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ከመፈታቱ በፊት በምስማር ምልክት አድርግበት። አሮጌው ሲመለስልህ ምልክትህን ታያለህ። የሚታመነው ሰው ምልክት ስታደርግ አይከፋውም።"

ይህ የምስማሩ ነገር ትልቅ ነው። አንዳንዱ ከሌላ ሰው ሞተር የወጣ አሮጌ ዕቃ አስቀምጦ "ያንተ ነው" ብሎ የሚያሳይ አለ። ምልክት ካለበት ግን አይችልም። ምን ተቀየረ፣ ዓይነቱና ጥራቱስ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለገዢ የሰጠው መብት ነው።

ባለሙያው ብቸና ተመለሰ፣ እንደተባለውም አደረገ። ሞተሯ ደህና ሳለች፣ ዘይት ብቻ ይዞ፣ ጋራዥ ለጋራዥ ዞረ። አንዱ ዘይቱን በብርዱ አወረደ። አንዱ ብሎኑን በመዶሻ መታ። ከከተማው ወጣ ብሎ ግን ቴክኒክና ሙያ ተምሮ የወጣ አንድ ወጣት አገኘ፤ ትንሽ ጋራዥ፣ ጥቂት መፍቻ፣ ደንበኛ የሌለው። ልጁ ሞተሯን አሞቀ፣ ዘይቱን አወረደ፣ በጣቱ አሽቶ ብርሃን ላይ አየው። ከዚያ የጎን ሽፋኑን ከፍቶ ስፖንጁን አወጣ።

"ይሄን አዘውትረህ እጠበው ወንድሜ፤ በተለይ አውድማ ሲጀመር" አለው። "ሌላው ደህና ነው።"

"ሰንሰለቱስ?"

"አየሁት፣ ልኩ ላይ ነው። አልነካውም።"

"አልነካውም" የሚለውን ቃል ከሠሪ አፍ መስማት ለወዳጄ ብርቅ ሆኖበታል። ዛሬ ከልጁ ጋራዥ በር ላይ ሞተሮች ተሰልፈው ታያላችሁ፤ የግብርናው፣ የጤናው፣ የመምህሩ። ባለሙያው በየወሩ ይሄዳል። ብልሽት ይኑርም አይኑርም ልጁ ያያታል፣ ባለሙያውም የእጁን ይከፍላል፤ ልጁ "ምንም አልሠራሁም" ሲለው "አይተሃታል አይደለም?" ብሎ ይሰጠዋል።

እናንተ ብቸና ያላችሁ፣ ሞጣ ያላችሁ፣ ደብረ ወርቅና ግንደ ወይን ያላችሁ ባለ ሞተሮች ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሞተራችሁን ከፍቶ አይቶ፣ "ደህና ናት፣ ሂድ" ያላችሁ ሠሪ ካገኛችሁ አመስግናችሁ ብቻ አትሂዱ። ፋሻ ቢቀይር ሳትከራከሩ ትሰጡት ከነበረው ላይ የእጁን ክፈሉት፣ ስልኩንም ለጎረቤታችሁ ስጡ።